ሳህን የማትለዋ ተጫራች

ከእኔ በላይ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚንቅ ሰው ሆሳዕና ውስጥ አልነበረም፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ፣ «እነ እገሌ ቤት ሰው ሳይኖር ዕቃ ይንኳኳል» ሲሉኝ «አይጥ ነው፣ ድመት ግዙ» ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ። ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፣ በእግዚአብሔር አምናለሁ፣ ከዚያ ውጪ ግን የሞተ ሞቷል፣ ያለ ደግሞ አለ፣ በመሃል የሚንከራተት ነገር የለም ብዬ ነው የኖርኩት። አሁንም እንደዚያው ማለት ብችል ደስታዬ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ፣ ብቻ ሳልጨርስ እንዳትስቁብኝ።

ባለቤቴ ደሳለኝ አስተማሪ ነው፣ የሀደሮ ልጅ፣ ከምባታ። እኔ እዚሁ ሆሳዕና የተወለድኩ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ትምህርቱን ሳልገፋበት ሱቅ ውስጥ ያደግኩ፣ ማንበብ የወደድኩትም ስኳር ከሚጠቀለልበት ወረቀት ነው ብላችሁ አታምኑኝም። ደሳለኝ ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችው፣ ማርታ የምትባል፣ ታማ ሞታበት እዚያው ሀደሮ ቀብሯታል። አላውቃትም፣ ድምጿንም ሰምቼ አላውቅም። በሞተች ሴት መቅናት ምን ይሉታል ትሉኝ ይሆናል፣ እመኑኝ፣ በሕይወት ካለችው ይብሳል፣ በሕይወት ያለችው ትነዘንዛለች፣ ትወፍራለች፣ ታረጃለች፣ የሞተችው ግን እንደተወደደች ትቀራለች።

የእኔ ቅናት ደግሞ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። የከምባታ ሴቶች ባሊሻ የሚሉት ደንብ አላቸው፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ስሙን ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃልም ከአፏ አይወጣም፣ በምትኩ ሌላ ትፈልግለታለች። ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ ትተውታል፣ እኔም ማን ነግሮኝ! ለመጀመሪያ ጊዜ አማቾቼ ቤት ስገባ ገና ከበሩ «አባባ ሳዴቦ፣ እንደምን አሉልኝ!» ብዬ ጉንጫቸውን እያገላበጥኩ ሳምኳቸው፣ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የደሳለኝ ታላቅ እህት፣ እትዬ ታደለች፣ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዴት ስማቸውን ትጠሪያለሽ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው፣ እትዬ?»

«ማርታ እንኳን ስማቸውን፣ በ‹ሳ› የሚጀምር ነገር በአማርኛም ቢሆን አትልም ነበር!»

ከዚያ አስቀምጣ ዘረዘረችልኝ፣ ሳሙናን «አረፋ»፣ ሳምንትን «ሰባቱ ቀን»፣ ባሏን «ሳትበላ እንዳትሄድ» ማለት ስለማይሆንላት «በልተህ ሂድ»፣ ደንቡ ለከምባትኛው ሆኖ ሳለ ልጅቷ አማርኛውንም አልማረችውም። ሳህንን ደግሞ «ጨረቃ»። ክብ ነው፣ ነጭ ነው፣ ጨረቃ። እትዬ ታደለች ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ እኔ ደግሞ በልቤ «ቀሽም» አልኩ፣ ግን ቀሽም እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

ደሳለኝ እኔን ካገባም በኋላ ሳህንን ጨረቃ ነው የሚለው። «አስቱ፣ ጨረቃዋን አቀብዪኝ» ይለኛል፣ ሳያስበው፣ እንደ እስትንፋስ ነው የሚወጣው። ማርታ ለጎጆዋ ያመጣቻቸው ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው ነጫጭ ሳህኖች ቡፌያችን ውስጥ ነበሩ፣ እኔ የገዛሁት ላይ ካቀረብኩለት ይበላል፣ በእነዚያ ካቀረብኩለት ግን ቀስ ብሎ ይበላል፣ ልዩነቱን ሚስት የሆነች ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ ቻልኩት። አንድ ቀን ግን ልጃችን ሶስና፣ ገና አፏን እየፈታች ያለችው፣ ባዶ ሳህኗን ዘረጋችልኝና «ጨቃ» አለችኝ። የወለድኳት ልጅ በዚያች ሴት ቃል አፏን ስትፈታ ሳህኗን ከእጇ ቀማኋት።

በዚያው ምሳ ላይ «እነዚያን አሮጌ ሳህኖች ልሽጣቸው?» አልኩት።

«እንደወደድሽ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እንግዲህ በስልክ የጨረታ ግሩፕ አለን። ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ የፈለገ በጽሑፍም በድምፅም ዋጋ ይሰጣል፣ አድሚናችን ሙላቱ መጨረሻ ላይ «ወጣ!» ይላል፣ አለቀ። ሙላቱ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ ሱቅ አለው፣ ሻጭ ዕቃውን እሱ ጋ ያስቀምጣል፣ ገዢ እዚያው ይከፍላል፣ የሩቅ ሰው ከሆነ በሚኒባስ ይላክለታል። ጠብ ሲነሳ ደግሞ ሙላቱ «ክርክር ተከፍቷል» ብሎ ይጽፍና ሁለቱ ወገኖች በግሩፑ ፊት ይሟገታሉ፣ እናንተዬ፣ ከዚያ የሚጥም ነገር የለም! አንዱ የሆመቾ ሰው «አልጋው ይጮሃል፣ አልተነገረኝም» ብሎ ሻጩ «ለብቻህ ስትተኛ አይጮህም» ያለው ቀን ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደሳቅኩ። እኔም ብዙ ሸጫለሁ፣ አንድም ቀን ክርክር ተከፍቶብኝ አያውቅም፣ «ከአስቱ የገዛ አይጸጸትም» የሚል ስም ነበረኝ።

ሳህኖቹን ለጠፍኩ፣ «ነጭ፣ ባለ ሰማያዊ ጠርዝ፣ ሙሉ፣ አንድም ያልጎደለ» ብዬ። የሞርሲቶዋ ቅቤ ነጋዴ አማረች ቶሎ ብላ ገባችበት፣ እሷ ፎቶ ካየች አትችልም፣ አንድ ሁለት ሰው ተከተላት። ከዚያ ፎቶ የሌላት፣ ስሟ ላይ ነጥብ ብቻ ያለባት አንዲት ሴት በድምፅ መጣች። ከፈትኩት።

«ጨረቃዎቹን እኔ እወስዳለሁ። የሚጨምር ካለ እኔም እጨምራለሁ።»

ለስለስ ያለ ድምፅ ነው፣ የማይቸኩል። አማርኛው የከምባታ ለዛ አለበት። ግሩፑ ወዲያው ፈነዳ፣ አንዱ «አስቱ፣ ጨረቃም መሸጥ ጀመርሽ?» ሌላው «ፀሐይም ካለሽ ለጥፊልን፣ ልብስ አልደርቅ ብሎናል»፣ አማረች ደግሞ «እኔ ሳህን መስሎኝ ነው የገባሁት፣ ጨረቃ ከሆነ ለሷ ይሁን» አለች። ሁሉም ይስቃል፣ ከእኔ በቀር።

ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ማርታን አይደለም ያሰብኩት። ያቺ ቃል የባልና የሚስት ቃል ናት፣ ከቤታችን አልወጣችም፣ የሚያውቃትም ደሳለኝና ቤተሰቡ ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ ይቺ ሴት ከደሳለኝ አፍ ነው የሰማችው፣ ማለት አንድ ቦታ፣ በአንዲት ሴት ቤት፣ ባሌ ቁጭ ብሎ «ጨረቃዋን አቀብዪኝ» ብሏል ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ሙላቱ «ወጣ!» ሲል እኔ ገና ከሐሳቡ አልተመለስኩም ነበር። ለደሳለኝ ግን ምንም አላልኩትም፣ ሰውን ለመያዝ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ማታውን ሳህኖቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ደረደርኩ፣ ሙሉ ነበሩ፣ በእጄ ነው የጠቀለልኳቸው። በነጋታው ካርቶኑን በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ አስሬ ለሙላቱ አደረስኩ።

«ክፍያውን ጠዋት አንዲት ሴት በእጄ ሰጥታኝ ሄደች» አለኝ ሙላቱ። «ወደ ሀደሮ በሚኒባስ ላከው ነው የምትለው።»

«ሀደሮ?» አልኩት። «ምን ትመስላለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አስቱዬ፣ ሱቁ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ሴት ናት በቃ። ምነው፣ ልትድሪያት ነው?»

የዚያን ዕለት ወደ ማምሻው ላይ ዝናብ ጣለ፣ የሆሳዕናን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የጎንህን ሰው አትሰማም። መብራት ሄደ። ደሳለኝ ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰም። ሶስና በር ላይ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ካጠራቀምኩበት ባልዲ ውስጥ እጇን ስትነክር አየሁና «ሶስና! ከውሃው ውጪ ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩባት፣ ጎትቼ አስገባኋት፣ ልብሷን ቀየርኩላት። ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ሙላቱ ነው፣ ግሩፑ ላይ «ክርክር ተከፍቷል። ተከሳሽ፦ አስቴር» ይላል። ከሥሩ የዚያች ሴት ድምፅ።

«አንዷ ጨረቃ የለችም። ጠርዟ ላይ የተሸረፈችው። እሷ ካልመጣች ሌሎቹን አልቀበልም።»

እኔ በግሩፑ ፊት ሌባ ልባል! ጽፌ ለመመለስ አልታገስኩም፣ በድምፅ «እኔ አስቴር ነኝ፣ አንድም አልጎደለም፣ በዚህ እጄ ነው የጠቀለልኩት፣ ደግሞ ሳህኖቹን በደንብ ሳትቆጥሪ ነው የምትከሺኝ?» አልኩ። ሰዉ ጎራ ለይቶ ያዘ፣ «አስቱ አትዋሽም»፣ «ካርቶኑ ፎቶ ይነሳ»፣ «የተሸረፈ መሆኑስ ለምን አልተጻፈም?»። ያኔ ሙላቱ ደወለልኝ።

«አስቱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ፣ ድምፁ ልክ አልነበረም። «ሚኒባሱ በዝናቡ ምክንያት አልሄደም። ካርቶኑ እዚሁ ፊቴ ነው ያለው። ሲባጎው አንቺ እንዳሰርሽው ነው፣ አልተፈታም።»

«እና?»

«እናማ ሴትዮዋ ምን አይታ ነው ጎደለ የምትለው?»

«ክፈተው» አልኩት። ሲባጎውን ሲቆርጥ፣ ጋዜጣው ሲንኮሻኮሽ፣ ሳህኖቹ እርስ በርስ ሲነካኩ በስልኩ ውስጥ እሰማለሁ። ቆይቶ ቆይቶ፣ «የተሸረፈ የለበትም፣ አስቱ» አለኝ። «አንዱ ጋዜጣ ውስጥ መጽሐፍ ነው የተጠቀለለው።»

መጽሐፍ። የፊዚክስ መማሪያ። ነገሩ ሳይነግሩኝ ገባኝ፣ ጠዋት እኔ ሶስናን ሳለብስ ደሳለኝ ካርቶኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። የተሸረፈችውን፣ ከእነዚያ ሁሉ እሱ የሚመርጣትን፣ እኔ እንዳላውቅበት ክብደቷን በመጽሐፍ ተክቶ አውጥቷታል። «እንደወደድሽ» ያለኝ ሰውዬ! በሽማግሌ ያገባሁት ባሌ የሞተች ሴት ሳህን እንደ ሌባ ይሰርቃል!

ተቀመጥኩና ያቺን ድምፅ እንደገና ከፈትኩት፣ ምን እንደፈለግኩ አላውቅም፣ ሴቲቱን ለመለየት ይሆናል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ከንግግሯ ኋላ ዝናብ ይሰማል፣ እሺ፣ ዝናብ በሁሉም ቦታ ይዘንባል። ከዝናቡ ውስጥ ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠብ ውሃ ይሰማል፣ እሺ፣ ባልዲ ሁሉም ቤት አለ። ከዚያ እሷ «የተሸረፈችው» ብላ ዝም ባለችበት ክፍተት፣ ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ሆኖ፣ የሴት ድምፅ ይጮሃል።

«ሶስና! ከውሃው ውጪ ብያለሁ!»

እኔ ነኝ። የእኔ ድምፅ ነው። ስሙልኝ እንግዲህ፣ ያቺ ሴት ያንን የተናገረችው እኔ ልጄን ስቆጣ ነው፣ የተናገረችውም እዚሁ ነው፣ ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ቡፌው ወዳለበት። ስልኩን ይዤ ወደ ሳሎን ዞርኩ። ማንም የለም፣ ሶስና ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ የቡፌውን ባዶ መደርደሪያ እያየች እጇን ታወዛውዛለች፣ ሕፃን ሰውን ቻው ሲል እንደሚያደርገው።

ያን ሰዓት ደሳለኝ ዣንጥላውን እያራገፈ ገባ። ልጄን አቅፌ መግቢያውን ዘጋሁበት።

«ሳህኗ የት አለች?»

አልካደም። ቦርሳውን ከፈተና በሹራቡ የጠቀለላትን አወጣት። «አንዷን ብቻ ነው» አለ። «ሌላውን ሁሉ ውሰጂ፣ አንዷን ብቻ ተዪልኝ፣ አስቱ።»

«እኔ አይደለሁም የምፈልጋት። ሴትዮህ ናት የከሰሰችኝ!»

«የምን ሴትዮ?»

«ይቺ» አልኩና ድምፁን ለቀቅኩለት። ፊቱን እያየሁ ነበር፣ ልይዘው፣ ሲደነግጥ ላየው። አልደነገጠም። መጀመሪያ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ፣ ከዚያ እርጥብ ጃኬቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «ድገሚው።» በሦስተኛው ስልኩን ከእጄ ወሰደና ራሱ ከፈተው፣ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ምን ይባላል፣ ለእኔ እንዲህ ያለ ፊት አሳይቶኝ አያውቅም፣ በሠርጋችን ዕለትም፣ ሶስና የተወለደች ዕለትም።

«ማን ናት?» አልኩት።

ስልኩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና መለሰልኝ።

«ደሳለኝ፣ እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ማን ናት?»

«ላኪላት» አለኝ፣ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ። «ጠይቃ የለ? ላኪላት።»

«ላኪው» ቢለኝ ኖሮ እችለው ነበር። «ላኪላት»! በዚያች «ላት» ውስጥ የነበረው መታዘዝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ ለእኔ ልመና፣ ለእሷ መታዘዝ።

ለእትዬ ታደለች ድምፁን ላኩላትና ደወልኩ፣ ማርታን ከልጅነቷ ታውቃታለች። ሰምታ ስትጨርስ «አይ፣ እሷ አይደለችም» አለችኝ፣ «ማርታ ድምጿ ወፈር ያለ ነበር፣ እሷ አይደለችም፣ ደሞስ እንዴት ትሆናለች፣ ጸልዪ እንጂ አስቴር!» ትንሽ ቆይታ ራሷ መልሳ ደወለችና «እስቲ እንደገና ላኪልኝ፣ ጠፋብኝ» አለችኝ፣ ድምጿ የለቅሶ ነበር። ታዲያ ምን ልመን? እሷ ካልሆነች በሕይወት ያለች ሴት ናት፣ ባሌ የሚታዘዛት። እሷ ከሆነች ደግሞ… ከሁለቱ የቱ እንዲሆን ልጸልይ? እውነቴን ነው፣ በዚያ ምሽት በጉልበቴ ተንበርክኬ የምለምነው ጠፋኝ።

ግሩፑ ላይ ሌላ ድምፅ መጣ። «በአረፋ አጥበሽ ላኪልኝ። ሽታሽ አለባት።»

የግሩፑ ሰው «የምን አረፋ?» እያለ ሲጨቃጨቅ እኔ ተነሳሁና ሳህኗን አጠብኩ። ሳሙና ሁለት ጊዜ አድርጌ፣ በንዴት፣ እጄ እስኪቀላ። በነጋታው ማለዳ ለሙላቱ ወስጄ ከሌሎቹ ጋር አስሬ በሚኒባሱ ላክኩ። ሾፌሩ ማታ ሲመለስ «መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ሴት ተቀብላኛለች፣ ‹ከአስቴር ነው?› ብላ ወሰደች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር» አለ፣ በዝናብ የማይከናነብ ማን አለ። ነጥቧም ከግሩፑ ወጣች፣ ድምፆቹም ከእኔ ስልክ አብረው ጠፉ፣ ሙላቱም «ክርክር ተዘግቷል፣ አስቱ ጥፋተኛ» ብሎ ጻፈ፣ በጨዋታ አድርጎ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ቤታችን አሁን ያ ቃል አይነሳም። ደሳለኝ «ሳህን» ይላል፣ ሶስናም «ሳን» ማለት ጀምራለች፣ አሸነፍኩ ብዬ ለጥቂት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ያኔ ስልኬን ከእጄ ሲወስድ ድምፁን ወደ ራሱ ስልክ ልኮት ኖሯል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጓሮ ወዳለው እንሰት ሥር በርጩማ ይዞ ይወጣል፣ «ትንሽ አየር ልቀበል» እያለ፣ እኔም መጀመሪያ ዝም አልኩት፣ ያቺን ሁለት መስመር ደጋግሞ ይስማና ይውጣለት ብዬ።

ባለፈው ሰሞን ግን የጓሮውን በር ገርበብ አድርጌ ቆሜ አዳመጥኩ። እሷ ትናገራለች፣ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ ከዚያ ደሳለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ይላል፣ ረዘም አድርጎ፣ ስለ ሥራው እንደሚያወራ ሰው። እሱ እስኪጨርስ እሷ ዝም ትላለች። ሲጨርስ ትቀጥላለች። እሱ መሃል ላይ ቢያስለው ቆም ብላ ትጠብቀዋለች። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ የተቀዳ ድምፅ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቃል?

ወጥቼ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ልለው እግሬን አነሳሁ፣ እጄም በሩን ይዞ ነበር። ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሚመልስልኝ ስላላወቅኩ እዚያው ቆምኩ።